ሸንኮራ አገዳ፣ ፋብሪካውና መንደሩ

የአንድ አገር ኢንዱስትሪ በራሷ የተፈጥሮ ሀብት ላይ መመሥረት እንደሚገባው የማይስማማ ባለሙያ ማግኘት ያዳግታል። ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃና ነዳጅ ላይ የተደገፈ ፋብሪካ የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ቁጥር ሥራው እንደሚስተጓጐል በተደጋጋሚ ታይቷል። በዚህም ምክንያት በየዘመኑ በወጡት የልማት ዕቅዶች ውስጥ የአካባቢን ሀብት ተጠቅሞ ገጠሩን ማልማት የሚለው ሐሳብ ቦታውን አጥቶ አያውቅም። ይሁንና የአካባቢ ሀብት ሲባል ምን ምን እንደሚቆጠር፣ ከሀብቱ የሚገኘውስ ጥቅም በየት በኩል አልፎ ለማን እንደሚደርስ ከታሪክ ጋር ተገናዝቦ ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ኢንዱስትሪ፣ ይኸውም በስኳር ኢንዱስትሪያችን ታሪክ መነሻነት ለመመልከት ይሞክራል። ስኳር የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአገራችን ከተቋቋሙት ትላልቅ ፋብሪካዎች መካከል ጥሬ ዕቃውን፣ ነዳጁንና ውሃውን ከደጃፉ በማግኘት ረገድ የስኳርን ፋብሪካ የሚያህል የለም። ስለሆነም የአካባቢ ሀብት ብቻውን ገጠሩን የሚያበለጽግ ቢሆን ኖሮ ብልጽግናው ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት በወንጂና በመተሐራ ዙሪያ በሚገኙ መንደሮች ነበር።

መንገድ የማይችል ሰብል

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የሰብሉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸንኮራ አገዳ ከክብደቱ ሰባ በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። መቶ ኩንታል አገዳ ተጨምቆ የሚገኘው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 11 ኩንታል ነው። ከዚህም በላይ አገዳ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር እየተለወጠ ወደማይረጋ ዓይነት ይሄዳል። በተለይ በቆላ ሙቀት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ጉዳቱ በፋብሪካው የምርት መዝገብ ላይ ወዲያውኑ ይታያል። በመሆኑም ቡና ወይም ጥጥ እንደሚጓጓዝ አገዳን ጭኖ ሩቅ አገር መውሰድ አይቻልም። ፋብሪካው ወደ አገዳው መሄድ አለበት።

ይህ የተፈጥሮ ግዴታ ስኳርን የገጠር ኢንዱስትሪ ያደርገዋል። መንገድ፣ መብራት፣ የጥገና ወርክሾፕ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከከተማ ርቆ በሚገኝ ሜዳ ላይ እንዲሠራ ያስገድዳል። ነገር ግን ያው ግዴታ ሌላም ገጽታ አለው። ፋብሪካው ከአገዳው ሊርቅ እንደማይችል ሁሉ አገዳውን የተከለው ገበሬም ሰብሉን ወደ ሌላ ገበያ ወስዶ ሊሸጥ አይችልም። በአቅራቢያው ያለው ገዢ አንድ ብቻ ነው፤ የሚሸጥበትም ጊዜ በሰዓት የተቆጠረ ነው። ፋብሪካውም በበኩሉ ማሳው ባዶ ከሆነ ከሌላ ቦታ ጥሬ ዕቃ ሊያስመጣ አይችልም። ሁለቱ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው። የስኳር ኢንዱስትሪያችን ታሪክ የዚህ ቀንበር ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

ከጃቫ ወደ አዋሽ

ሸንኮራ በአገራችን እንግዳ ተክል አልነበረም። በወይና ደጋና በቆላ በየጓሮው ይተከል፣ በገበያ ቀንም በዘንግ እየተሸጠ ይመጠጥ ነበር። ይሁን እንጂ ለምግብና ለመጠጥ ማጣፈጫነት ማር ስለነበረ አገዳን ጨምቆና አፍልቶ ስኳር የማውጣት ሙያ አልተስፋፋም። በኋላ ሻይና ቡና በስኳር መጠጣት ከከተማ ወደ ገጠር እየተለመደ ሲሄድ ስኳር ከውጭ በገንዘብ የሚገዛ ሸቀጥ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ በሩቅ ምሥራቅ አንድ ትልቅ ለውጥ ይካሄድ ነበር። በአምስተርዳም የተቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት ሰፋፊ የስኳር እርሻዎችና ፋብሪካዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስትቀዳጅ ኩባንያው ገንዘቡንና ባለሙያዎቹን የሚያሰማራበት ሌላ አገር መፈለግ ጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥትም በበኩሉ ስኳርን በአገር ውስጥ ለማምረት ይፈልግ ስለነበር በ1943 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ። ኩባንያው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የወንጂ ሜዳ ላይ 5,000 ሄክታር ገደማ መሬት ተሰጠው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ መጋቢት 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራውን ጀመረ። በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። በ1955 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ላይ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ በቀን 1,700 ኩንታል የማምረት ችሎታ ይዞ ተጨመረ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽን ተከትሎ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በመተሐራ ሜዳ ላይ ሦስተኛው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ከዚሁ ኢንዱስትሪ የወጣው ደስታ ከረሜላ በየሱቁ ደርሶ የአንድ ትውልድ ልጆች የሚያስታውሱት ስም ሆነ።

የቆቃ ግድብም ከዚሁ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ከማመንጨቱም በላይ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚጐድለውን የአዋሽን ውሃ አመጣጥኖ የሚለቅ ሆነ። ከግድቡ በታች ያለው ሸለቆ ዓመቱን በሙሉ በመስኖ ሊለማ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመውም ይህንን ውሃና መሬት በዕቅድ ለመምራት ነበር።

ራሱን የሚመግብ ፋብሪካ

መሐንዲስ የሆነ ሰው የስኳርን ፋብሪካ ሲመለከት የሚደነቅበት ብዙ ነገር ያገኛል። አገዳው ተከታትፎ በተከታታይ ወፍጮዎች መካከል እያለፈ ይጨመቃል። ጭማቂው በኖራ ይጣራል፤ በተከታታይ ማትነኛዎች ውስጥ ከአንዱ የወጣው እንፋሎት ሌላውን እያሞቀ ይወፍራል፤ በመጨረሻም አየሩ በተመጠጠ ጋን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት እየፈላ ወደ ደቃቅ ቅንጣት ይለወጣል። ቅንጣቱን ከዝልግልጉ የሚለየው ሴንትሪፉጅ የሚባለው በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ነው።

ከመቶ ኩንታል አገዳ ሠላሳ ኩንታል ያህል ባጋስ የሚባል ተጨምቆ የወጣ ገለባ ይቀራል። ግማሽ ያህሉ እርጥበት ቢሆንም በቦይለር ውስጥ ይነዳል። ከ5 እስከ 6 ኩንታል የሚደርስ እርጥብ ባጋስ የአንድ ኩንታል ጥቁር ናፍጣ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህ ሙቀት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ ወፍጮውን ያንቀሳቅሳል፣ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ከተርባይን የወጣው እንፋሎት ደግሞ ተመልሶ ጭማቂውን ያፈላል። በሚገባ የተሠራና በሚገባ የተያዘ ፋብሪካ በምርት ወቅት የውጭ ነዳጅ አይሻም ማለት ይቻላል።

በመቶ ኩንታል አገዳ ከ3 እስከ 4 ኩንታል የሚደርሰው ሞላሰስም ተረፈ ምርት ነው። ለከብት መኖ ይሆናል፤ ተብላልቶም አልኮል ይወጣዋል። ከጭማቂው ማጣሪያ የሚወጣው ጭቃ ለማሳ ማዳበሪያነት ያገለግላል። እንግዲህ የሚጣል ነገር አልነበረም። በሒሳብ መዝገብ ላይ አገዳው፣ ባጋሱ፣ ሞላሰሱ፣ ውሃውና መሬቱ ሁሉ ተመዝኖና ተለክቶ ይገኝ ነበር።

በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረው

ይሁን እንጂ ያልተለካም ነገር ነበር። የወንጂ ሜዳ ከፋብሪካው በፊት ባዶ መሬት አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ነዋሪዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ቦታ ነበር። በመተሐራ ደግሞ ከረዩዎች በጋ ሲከርርና ደጋው ሣር ሲደርቅ ከብታቸውን ይዘው የሚወርዱት ወደ አዋሽ ዳር ነበር። ለአርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ከጠቅላላው የግጦሽ መሬት ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም መንጋው ከዓመት ወደ ዓመት መሻገሩን የሚወስነው እርሱ ነው። አገዳው የተተከለው በዚሁ ወንዝ ዳር መሬት ላይ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዘመን ሲከለል ከረዩዎች በሁለት በኩል ተጠጋባቸው። በሄክታር ሲቆጠር ትንሽ የመሰለው መሬት በኑሯቸው ላይ ያደረሰው ጉዳት እጅግ ከፍ ያለ ነበር።

የሥራውም ዕድል ቢሆን በቀጥታ ለአካባቢው ሰው አልደረሰም። አገዳ ቆራጮቹ በአመዛኙ ከከምባታ፣ ከሐድያና ከወላይታ እየመጡ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት የሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች ነበሩ። ሥራው ከባድ፣ ክፍያውም ዝቅተኛ ነበር። የወንጂ ሠራተኞች ተደራጅተው መብታቸውን ለማስከበር ከታገሉት የአገራችን ሠራተኞች መካከል ቀዳሚዎቹ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረትም የወንጂዎቹ ድርሻ ከፍተኛ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የውሃው ነገር ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በወንጂ እርሻ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ ተገኝቷል። ይህን ውሃ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞችም ጀርባቸውና መገጣጠሚያቸው እየደረቀ ለአካል ጉዳት ተዳረጉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፍሎራይዱን በአክቲቬትድ አሉሚና የሚቀንስ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚጠቅመው ማጣሪያው በየጊዜው ከታደሰና በየመንደሩ ላለው ሰው ሁሉ ከተዳረሰ ነው። ለአገዳ የተለካው ውሃ ብዛቱ እንጂ ጥራቱ አላሳሰበም፤ ያንኑ ውሃ ሰው እንደሚጠጣው ሲታሰብ ግን ጥራቱ ከሁሉ የሚቀድም መለኪያ በሆነ ነበር።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ሌላ ትምህርት ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እስከ መሆን ተስፋፍቶ የግጦሽና የእርሻ መሬት አጥለቅልቋል፤ ዋናውን የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድም ተፈታትኗል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የፍል ውሃ ምንጮችና የከርሰ ምድር ለውጥ ድርሻ አላቸው፤ በዙሪያው ካሉት የመስኖ እርሻዎች ወደ መሬት የሰረገው ውሃም ድርሻ አለው። በመስኖ ሥራ ላይ የሚሰማራ መሐንዲስ ውሃ ወደ ማሳው የሚገባበትን ብቻ ሳይሆን ከማሳው የሚወጣበትንም መንገድ አብሮ መንደፍ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያሻም።

በዚያው ዓመት በሌላ አገር

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የአገዳ ልማት ባለበት የማይቀር ዕጣ ነው እንዳይባል፣ በዚያው ዘመን በሌላ ድሃ አገር የተሠራ ሌላ የስኳር ፋብሪካ አጠገቡ አቁሞ ማየት ይጠቅማል። የወንጂ ስምምነት በተፈረመበት በ1943 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ ዛሬ ማሐራሽትራ በሚባለው ግዛት፣ ሎኒ በተባለች መንደር አጠገብ የፕራቫራ ስኳር ፋብሪካ የመጀመሪያ አገዳውን ጨመቀ። ይህ ፋብሪካ በእስያ ከተቋቋሙት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ስኳር ፋብሪካዎች የመጀመሪያው መሆኑ ይነገርለታል።

የአካባቢው ገበሬዎች በመስኖ አገዳ ያመርቱ ነበር። አገዳውንም በየቤታቸው አፍልተው ጥቁር ስኳር አድርገው ይሸጡ ነበር። ዋጋው ሲወድቅ በአራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቁ ነበር። ቪትሃልራኦ ቪኬ ፓቲል የተባሉ ብዙ ትምህርት ያልነበራቸው ገበሬ ከመንደር መንደር እየዞሩ ጓደኞቻቸውን አሳምነው አክሲዮን እንዲገዙ አደረጉ። ዳናንጃይራኦ ጋድጊል የተባሉት ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዕውቀታቸውን ይዘው አጠገባቸው ቆሙ። መንግሥትም በካፒታልና በብድር ረዳ። በዚህ ዓይነት አገዳ የሚያቀርበው ገበሬና የፋብሪካው ባለቤት አንድ ሰው ሆነ።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የወፍጮው አሠራር ከወንጂ የተለየ አልነበረም። አገዳው በሰዓታት ውስጥ መጨመቅ ነበረበት፤ ባጋሱም ይነድ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ከአንድ ገዢ ጋር መታሰሩ አላስፈራውም፤ ገዢው ራሱ ነውና። የአገዳው ዋጋ ዝቅ ቢል የፋብሪካው ትርፍ ከፍ ይላል፤ ትርፉም ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል። ከትርፉ እየተቀነሰ በአካባቢው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ኋላም የምሕንድስና ኮሌጅ ተሠራ። በዚያ አውራጃ የተወለደ የገበሬ ልጅ ተምሮ የፋብሪካውን ቦይለር ወደሚቆጣጠርበት ደረጃ የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ።

ሆኖም የሕንዱን ታሪክ እንከን የሌለው አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይሆንም። ባለአክሲዮን የሆነው መሬት ያለው ገበሬ ነው። አገዳውን የሚቆርጡት መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች ከሌላ አውራጃ እየተሰደዱ የሚመጡ፣ ኑሯቸውም እጅግ የጐሰቆለ ነው። ማኅበራቱ በጊዜ ብዛት የፖለቲካ ሰዎች መወጣጫ ሆነዋል። ዝናብ በማይበረክትበት አገር ውሃ የሚወድ ሰብል መስፋፋቱም ሌላ ችግር አስከትሏል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ቁም ነገር ተረጋግጧል። ፋብሪካው ሲታቀድ የባለቤትነት ጥያቄ እንደ ወፍጮው አቅም በመጀመሪያው ሰነድ ላይ ሊሰፍርና ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው።

ከ1967 በኋላ

በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ ኢንዱስትሪዎች በመንግሥት ሲወረሱ የስኳር ፋብሪካዎቹም የሕዝብ ሀብት ተባሉ። የውጭ ባለሙያዎች ሲሄዱ ወፍጮው ይቆማል የሚል ሥጋት ነበር፤ አልቆመም። ለሃያ ዓመታት በሥራ ላይ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች፣ የስኳር ኬሚስቶችና የእርሻ ባለሙያዎች ቦታውን ያዙ። ከወንጂ የተገኘው ትልቁ ሀብት ስኳሩ ሳይሆን ይህ ሙያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ በሌሎች ቦታዎች ስኳር ፋብሪካ ሲቋቋም በየወርክሾፑና በየላቦራቶሪው የሚገኙት ነባር ሠራተኞች ብዙዎቹ የወንጂና የመተሐራ ልጆች ናቸው።

የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ በነበሩት ዓመታት በወንጂ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በመሬታቸው ላይ አገዳ እያመረቱ ለፋብሪካው ማቅረብ ጀመሩ። ይህ ጅምር ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመንደሩ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ከሚመለከት ወደ አምራችነት ተሸጋገረ። ሆኖም አብቃዩ ገበሬ ባለአክሲዮን አልነበረም። መሬቱ በአገዳ ከተያዘ ጤፍም በቆሎም አይዘራበትም። በወንጂ ከፍታ አገዳው ለመጀመሪያ ቆረጣ እስኪደርስ ዓመት ከመንፈቅ እና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገበሬው ተስፋ አንድ ገዢ በሚወስነው ዋጋና በሚልከው የመጫኛ መኪና ላይ ነው። ቀንበሩ አንድ ቢሆንም አንደኛው ትከሻ ይበልጥ ይከብደዋል።

በ1991 ዓ.ም. በአባይ ተፋሰስ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከሞላሰስ ኤታኖል ማውጣትም እንዲሁ ተስፋፋ። በ2001 ዓ.ም. አምስት በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በአዲስ አበባ መሸጥ ሲጀምር ከአገዳ ማሳ የወጣ ነዳጅ መኪና ሲነዳ ታየ። ያረጁት የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች በ2003 እና በ2005 ዓ.ም. ተራ በተራ ሲቆሙ፣ በምትካቸው በዶዶታ በኩል የተሠራው አዲሱ ፋብሪካ ከራሱ ፍላጎት የተረፈውን የባጋስ ኃይል ለብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ እንዲሰጥ ተደርጎ ታቀደ። በአሮጌው ፋብሪካ አጥር ውስጥ ተዘግቶ የነበረው ኃይል ወደ ውጭ የሚወጣበት በር በዚህ ተከፈተ።

ታላቁ ዕቅድና ያልተገናኙት ሁለቱ

በ2003 ዓ.ም. የስኳር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የአገሪቱ የስኳር ምርት በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 22.5 ሚሊዮን ኩንታል እንዲደርስ ታቀደ። በዚያን ጊዜ የነበረው ዓመታዊ ምርት 3 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ነበር። አሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች በአፋር፣ በበለስ፣ በኦሞ ሸለቆና በሌሎችም ቦታዎች እንዲሠሩ ተወሰነ። የአገሪቱ ቆላማ መሬት፣ ወንዞቿና ፀሐይዋ ለአገዳ እጅግ ተስማሚ መሆናቸው እውነት ነው። በዚህ ረገድ ዕቅዱ መነሻውን አልሳተም።

የሆነው ግን የታወቀ ነው። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ ምርቱ ከታሰበው ሩብ እንኳ አልደረሰም። ስኳር ከውጭ መግዛቱም ቀጠለ። በተንዳሆና በጣና በለስ አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ባለመድረሱ በብዙ ሺህ ሄክታር የተተከለ አገዳ ዕድሜው አልፎበት ተወገደ። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ የተጠቀሰው የሰብሉ ጠባይ እዚህ ላይ ሙሉ ዋጋውን አስከፈለ። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ተለቅሞ በመጋዘን ይቆይ ነበር፤ ማሽላ ቢሆን በጎተራ ይቀመጥ ነበር። አገዳ ግን ወፍጮውን አይጠብቅም። ግድቡ፣ ቦዩ፣ ማሳውና ወፍጮው በአንድ የሥራ መርሐ ግብር ታስረው በአንድ ወቅት መድረስ አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ከዘገየ የቀሩት ሦስቱ ወጪ ብቻ ይሆናሉ።

በተንዳሆ ለአገዳ የተመነጠረው መሬት ለአፋር አርብቶ አደር፣ ከረዩዎች በመተሐራ እንዳጡት ያለ የበጋ ግጦሽ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም። መሬቱ ከግጦሽ ወጥቶ ስኳርም ሳይወጣበት የቆየባቸው ዓመታት ኪሳራ በየትኛውም የፋብሪካ ሒሳብ ላይ አይታይም። የተከፈለው በመንጋ ነው።

ለእኛ የሚቀረን

ከዚህ ሰባ ዓመት ካለፈው ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፉ ጥቂት ቁም ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ የአዋጭነት ጥናት ሲዘጋጅ የአካባቢ ሀብት የሚለው ዓምድ ጥሬ ዕቃን፣ ውሃንና ነዳጅን ብቻ የሚይዝ መሆን የለበትም። መሬቱ ከዚያ በፊት ለማን በየትኛው ወር ምን ጥቅም ይሰጥ እንደነበር፣ ለሰው የሚቀርበው የመጠጥ ውሃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከማሳ የሚወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በቁጥር መስፈር አለበት። እነዚህ ጉዳዮች ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። የወንጂ የፍሎራይድ ችግር የኬሚስትሪና የውሃ ምሕንድስና ችግር ነበር፤ የበሰቃም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ የሥራዎች ቅደም ተከተል የገጠር ኢንዱስትሪ ዋነኛ የምሕንድስና ጥያቄ ነው። በከተማ የሚሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቢዘገይ የሚጎዳው ባለንብረቱ ነው። በገጠር የሚሠራ የስኳር ፋብሪካ ሲዘገይ ግን መሬቱን የለቀቀው አርብቶ አደርና ማሳውን ወደ አገዳ የለወጠው ገበሬ አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ በትንሽ ወፍጮ ጀምሮ ከማሳው ጋር ማደግ፣ ወንጂ ከሸዋ በፊት እንደቀደመ ሁሉ አንዱ ቆሞ ሲሄድ ሌላውን መጨመር፣ ያዘገመ ቢመስልም ቶሎ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ ባለቤትነት ፋብሪካው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ የአስተዳደር ጉዳይ አይደለም። ጥሬ ዕቃው መንገድ የማይችል ሲሆን ገበሬው በአንድ ገዢ እጅ መውደቁ ከተፈጥሮው የመጣ ነው። ይህን የሚያስተካክለው በአክሲዮን የሚሰጥ ድርሻ፣ የአገዳው ዋጋ ከስኳሩ ዋጋ ጋር የሚተሳሰርበት ውል፣ ወይም አብቃዮች ድምፅ የሚያገኙበት ቦርድ ነው። ይህ ለአገዳ ብቻ የሚሠራ ሐሳብ አይደለም። በሰዓታት ውስጥ የሚበላሸው ወተት፣ ቲማቲምና ሻይ ቅጠል ሁሉ በዚሁ ሕግ ይመራሉ። ነገ በየወረዳው ለሚቋቋሙት የምግብ ማቀነባበሪያዎች የወንጂ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

በመጨረሻም ሙያን እንደ አካባቢ ሀብት መቁጠር ይገባል። ባጋስ በየዓመቱ ይነዳል፤ አገዳም በየዓመቱ ይጨመቃል። የወንጂ ወርክሾፕ ያፈራው ተርነር፣ በያጅና የስኳር ኬሚስት ግን ወደ ፊንጫም ወደ ተንዳሆም ሄዶ ሌላውን አስተምሯል። የፋብሪካ ዕቅድ ሲነደፍ ከአካባቢው ስንት ወጣት በየትኛው ዓመት ምን ሙያ እንደሚጨብጥ እንደ ማሽኑ አቅም ተለይቶ ቢጻፍ፣ ለዚያም በጀት ቢያዝ፣ ወፍጮው አርጅቶ ቢቆም እንኳ ለመንደሩ የሚቀር ነገር ይኖራል።

ወንጂ የአገዳውን እያንዳንዱን ክፍል ከጭማቂው እስከ ገለባው ድረስ ለጥቅም ማዋልን አስተምሮናል። ያ ጥንቃቄ ትልቅ ትምህርት ነው። የሚቀረው ያንኑ ጥንቃቄ በመንደሩ ለሚኖረው ሰውም ማዋል ነው።